መዝገቡን የበላው አባ ኮዳ

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። የዕድራችንን መዝገብ የበላው አባ ኮዳ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። «ሆን ብላ ሐይቅ ውስጥ ወርውራው ነው»፣ «ድስት ማጠብ ሽሽት ነው» እየተባለ ከሴቻ ሰፈር ሲቀላ ሰፈር በሚኒባስ ሲመላለስ የከረመውን ወሬ ሰምቻለሁ። ሰው የሚበላው ሲያጣ የጎረቤቱን ስም ያኝካል። እኔ ግን ምስክር አለኝ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ አንዲት ተማሪ፤ ከሁሉም በላይ ራሱ በላተኛው አለ። እስካሁን አባያ ዳር ካፖርቱን ደርቦ ቆሟል፤ የፈለገ ሄዶ ይጠይቀው።

እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ነው። የወፍ ትምህርቴን ደግሞ የጀመርኩት ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ሴቻ ካሉት ሆቴሎች ባንዱ አንሶላ አጥባለሁ። የማሰጣበት ሰገነት ላይ ስትቆሙ በግራ አባያ ወተት እንደ በዛበት ሻይ፣ በቀኝ ጫሞ እንደ አዲስ ጂንስ ይታያችኋል። ሰው ለዚህ እይታ ከስንት አገር ይመጣል፤ እኔ በእርጥብ አንሶላ መሀል አያለሁ። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርና የወፍ ሥዕል የሞላበት መጽሐፍ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። መነጽሩ ግራ ዓይኑ የታወረ ነው፤ በቀኙ ብቻ ነው የሚያየው። መጽሐፉ የተጻፈበትን ቋንቋ ደግሞ አላውቀውም። ቢሆንም እግዜር ወፍን የሣለው በሁሉም ቋንቋ ነው። ጅራቷን ስትነቀንቅ የምትውለውን «እሺታ» አልኳት፤ ውኃ ዳር ባንድ እግሩ ቆሞ ሲያፈጥ የሚውለውን «ዘበኛ» አልኩት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጥተው ሳይንሳዊ ስሙን ሲነግሩኝ እኔ ጠባዩን እነግራቸዋለሁ። ስም መታወቂያ ላይ ይገኛል፤ ጠባይ አብሮ ኖሮ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ጋር ያገናኙኝ ጋሽ ተፈራ ናቸው። ባዮሎጂ ሊያስተምሩ ለሁለት ዓመት ብለው ከጎጃም መጥተው፣ እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ ወልደው፣ እዚሁ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በየዓመቱ ኅዳር ሲጋመስ፣ ወዲያ ፈረንጅ አገር ብርዱ ገብቶ ወፎቹ ወደኛ ሲወርዱ፣ ጥቂት ሰው ሰብስበው የሐይቁን ዳር ተካፍለው ያስቆጥራሉ። ሦስት ዓመት አብሬያቸው ሄጃለሁ። ታዲያ በምን ሥራ መሰላችሁ? ሪፖርቱ ላይ «ቆጣሪዎች» ይልና አምስት ስም ይደረድራል፤ ከሥሩ «ስንቅ» ይልና የእኔ ስም ይከተላል። ስንቅ! እንደ ዳቦ!

ዘንድሮ ከቆጣሪዎቹ አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ስብሰባው ላይ ጋሽ ተፈራ «የአባያው ዳር ሰው የለውም» ከማለታቸው እጄን አወጣሁ።

«እኔ እቆጥራለሁ።»

«የኔ እመቤት፣ ቆጠራ እኮ ሳይንስ ነው» አሉ በትህትና።

«ጋሽ ተፈራ፣ እኔ በቀን መቶ ሃያ አንሶላ ቆጥሬ አስረክባለሁ። አንድ ጎድሎብኝ አያውቅም።»

«አንሶላ አይበርማ።»

«እንግዲያው የሴቻን ነፋስ አያውቁትም።»

ተሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ሰላም ናት፤ ከደሴ መጥታ ለማስተርሷ ወፍ የምታጠና ልጅ። ጋሽ ተፈራም ከሳቁ በኋላ ፍርዳቸውን ሰጡ። ከሙዝ እርሻው ጫፍ እስከ ዓሣ ማውረጃው ያለው ዳር የእኔ ይሆናል። አራት ሰዓት ላይ ንጹሕ መዝገብ ካስረከብኩ ስሜ ከቆጣሪዎቹ ተርታ ይገባል። ካላስረከብኩ ዕድሜ ልኬን ስንቅ ነኝ።

ለዚህ ብለው ቅጽ ሰጡኝ። ሳጥኖቹ ጉንዳን እንኳ እግሯን የማትዘረጋባቸው ጠባብ ናቸው። እቤት መልካም ነገር እያለኝ በዚህ ልቸገር? የሴቶች ዕድራችን ስም ጠሪ እኔ ነኝ። የዕድሩ መዝገብ ኪስ የምትገባ፣ ጥሩ መስመር ያላት ደብተር ናት። ከፊት በኩል በዓመቱ ከስብሰባ የቀሩት ሴቶች ተጽፈውባታል፤ ከኋላ በኩል ግን ንጹሕ ነጭ ናት። ገልብጬ ያዝኳት። ይህ የመጀመሪያ ስህተቴ ነው። የመጀመሪያ ስህተት ምንጊዜም ብልህነት ይመስላል።

ሁለተኛው ስህተቴ ዓሣ ነው። ሌሊት ቆፍጠን ብዬ «ዛሬ ቆጣሪ ነኝ፣ ስንቅ አልይዝም» ብዬ ነበር። ግን ሰው ሜዳ ላይ ባዶ ሆዱን ሊውል ነው? እጄ ሳያማክረኝ ዘይቱን ጣደ። ሰላም የነቢያት ጾም ይዛለች። ዓሣ ጾም ነው፣ ጾም አይደለም በሚለው ክርክር እኔ አልገባም፤ እኔ ጠብሳለሁ፣ የሚከራከሩት በልተው ይከራከራሉ። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ አየኝ።

«ዛሬ የትኛዋ ነሽ? ቆጣሪዋ ወይስ ስንቋ?»

«ሁለቱም።»

«እንግዲያው አንዷ ሌላዋን እንዳትበላት።»

ባሌ እንዲህ ነው፤ በዓመት አንዴ ትንቢት ይናገራል፤ ያኔም የሚሰማው የለም። ዓሣውን ክዳን ባለው ሰሃን አድርጌ በዘንቢል ከተትኩ፤ መዝገቧን ከሥሩ አስገባሁ። ክዳኑ ደግሞ በደንብ አይገጥምም ነበር።

ሙዝ እርሻው ጫፍ አንጁሎ ጠበቀኝ። አንጁሎ አባያ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ያረጀ፣ ጋሽ ተፈራም አዞ እንዳይበላን በየዓመቱ አብሮን እንዲሄድ የሚለምኑት ሰው ነው። ስለ አዞ ሲያወራ ስለ ጎረቤቱ የሚያወራ ይመስላችኋል።

«ትልቁ ዛሬ የለም፤ ማዶ ሄዷል» አለኝ።

«መቼ ይመለሳል?»

«አልነገረኝም።»

ወደ ውኃው ተጠጋን። ፔሊካኖቹ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግተው ተቀምጠዋል፤ የሆቴሉ ትራስ ሁሉ ነፋስ ወስዶት እዚህ የወደቀ ነው የሚመስለው። መነጽሬን አነሳሁ፤ ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ «አንድ» ብዬ ስጀምር አንጁሎ ክንዴን ያዘኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልቆጥር ነዋ።»

«ሦስት ዓመት ስንቅ ይዘሽ ስትመጪ እንዴት ያለሽ ደግ ሰው ነበርሽ» አለኝ አዝኖ። «የሐይቅ ነገር አይቆጠርም። ወፉ የተቆጠረ ቀን ዓሣው ይሸሻል። ጋሽ ተፈራ ሲቆጥሩ እኔ ፊቴን አዙሬ ነው የምቆመው፤ እንደዚያም ሆኖ ሳምንት ሙሉ መረቤ ባዶ ይወጣል።»

ልስቅበት ነበር። ግን አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ የጨንቻ ሰው ነው። ከብቶቹ ሲገቡ በሩ ላይ ቆሞ በስማቸው ይጠራቸዋል እንጂ አይቆጥራቸውም። እንግዳ «ስንት ናቸው?» ካለው መልሱ «አሉ» ነበር። በቃ፣ አሉ። ነገር ግን አንዲት ጊደር የጎደለች እንደሆነ ስሟ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበር ነበር። ሳይቆጥር ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ልጅ ነኝ ማለት ነው።

«አንጁሎ፣ ባልቆጥርና ስም ብጠራስ?»

«የማንን ስም?»

«የዕድራችንን ሴቶች። ላንዱ ወፍ አንድ ሴት።»

አገጩን እያሸ ብዙ አሰበ። «ስም መጥራት ሰላምታ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሰላምታ ዓሣ አያሸሽም። ሎኦ።» ጥሩ ነው ማለቱ ነው።

የዕድራችን ስም ስልሳ ሁለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት በተርታ ጠርቼዋለሁ፤ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ «ሠላሳ አራተኛዋ ማናት?» ብትሉኝ «የበላይነሽ፣ ምን ሆነች?» እላችኋለሁ። እጄን አነሳሁና ጀመርኩ።

«እትዬ ብርቄ!» የዕድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ የፊተኛው ፔሊካን ልክ እንደሳቸው ደረቱን ነፍቶ፣ ከንፈሩን ጥሎ ጉባኤውን ያያል። «አስቴር!» አጠገቡ። «ፋንታዬ!» ፋንታዬ ከሰው ተለይታ ብቻዋን ትዋኛለች።

«ያቺ ምን ሆና ነው?» አለ አንጁሎ።

«ተኳርፋለች።»

«ከማን ጋር?»

«ከአስቴር ጋር፤ በብረት ምጣድ።»

«ታዲያ ሽማግሌ አልተላከም?»

ይሄኔ ነው ቆጠራው የተጓተተው። አንጁሎ የእያንዳንዷን ጠብ ካልሰማ ወደሚቀጥለው ወፍ አላሳልፍ አለኝ። ሃያ ስምንተኛዋ ላይ «ማርታ» አልኩና ጅንካ ከተዛወረች ሁለት ወሯ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ስሟን ከተርታው አልሠረዝኩትም እንጂ ሴትዮዋስ የለችም። ወፍ ሳልሰጣት አለፍኳት። ስልሳ ሁለተኛዋ ላይ ደርሼ ከእትዬ ብርቄ እንደገና ጀመርኩ፤ ሁለተኛው ዙር አሥራ ዘጠነኛዋ ዘነበች ላይ አለቀ። ከዘነበች ጋር መንጋው በሙሉ ተነስቶ ሰላም ወዳለችበት ዳር በረረ። በመዝገቧ ጀርባ ጻፍኩ። ስጽፍ አንጁሎ ለወጉ ያህል ፊቱን አዞረ። ይብራዎቹ እስከ የበላይነሽ ሄዱ። ሽመላዎቹ ፋንታዬ ላይ ቆሙ። ዓሣ በል ንስር ሁለት ብቻ፤ እትዬ ብርቄና አስቴር፤ ዛፍ ላይም ሆነው አልተለያዩም። እንዲህ ያለ ያማረ ቆጠራ አባያ ታይቶ አያውቅም፤ ይህን የምለው እኔ ስለሆንኩ አይደለም።

የቀረኝ የዓሣ ማውረጃው ነው፤ የአባ ኮዳዎቹ ሰፈር።

አባ ኮዳን የማታውቁ ካላችሁ፣ ራሱ የተመለጠ፣ ጉሮሮው ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ጥቁር ካፖርቱን ደርቦ ቢሮ እስኪከፈት እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ የሚቆም ወፍ ነው። ዓሣ አጽጂዎቹ እዚያው ተቀምጠው ሆድ ዕቃውን ይወረውራሉ፤ እሱ ይቀልባል። ከዚህ የተነሳ በዚያ ሰፈር አንድ ሕግ አለ፤ እጁን ያነሳ ሰው ሊወረውር ነው። ይህን ሕግ ልጁም ሽማግሌውም ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ግን ስም ስጠራ እጄን ማንሳት አሥራ አንድ ዓመት የለመድኩት ነው።

ዘንቢሉን በግራዬ አስቀመጥኩ፤ ዘይት የጠጣችውን መዝገብ ለመጻፍ እንድትመቸኝ ከላዩ አኖርኩ። መነጽሬን ደቀንኩ። ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ። እጄን አነሳሁ።

«እትዬ ብርቄ!»

አባ ኮዳዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደኔ ዞሩ። ዕድራችን ውስጥ እንዲህ ያለ አክብሮት አይቼ ስለማላውቅ ደስ አለኝና ቀጠልኩ። «አስቴር! ፋንታዬ!» እነሱም ቀረቡ። በመነጽር ውስጥ ነገር ሁሉ ስለሚቀርብ መምጣታቸውን አላወቅኩም። ስድስተኛዋ ላይ ስደርስ በግራ በኩል፣ በታወረው ዓይን በኩል፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ስል አንዱ ሽማግሌ አባ ኮዳ መዝገቧን በጎኗ ነክሷታል።

«አንተ! የሕዝብ ንብረት ነው!» አልኩት።

አየኝ። ሕዝብ ማለት ምን እንደሆነ አሰበ። ከዚያ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ዋጠ። ስትወርድ ታየችኝ፤ ወንድሞቼ፣ አራት ማዕዘን ነገር በክብ ጉሮሮ ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሮጥኩ። እሱ ግን አልበረረም፤ በርጋታ ይራመዳል፤ አንዱ እርምጃው የእኔ ሦስት ነው። እኔ የዓሣ አንጀት ላይ እየተንሸራተትኩ፣ አንድ ጫማዬን ጭቃው አስቀርቶብኝ፣ «ትፋ! ትፋ!» እያልኩ ከኋላው። አንጁሎ ከእነ ሰሃኑ ያመጣሁትን ጥብስ አንስቶ «ይኸው ዓሣ፣ ደብተሩን መልስ» እያለ ይለምነዋል። ዓሣውንም ተቀብሎ በላ። ደብተሩን አልመለሰም።

ዓሣ አጽጂዎቹ ሥራ አቁመው ቢላቸውን ይዘው ሳቁ።

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት ነይ፤ ይወጣል!»

«ገጹ ግን በተርታ አይሆንም!»

«ዝም በሏት፤ ሪፖርቷን አስገብታለች እኮ!»

እዚህ ላይ አንድ ባጃጅ መጣ። ጋሽ ተፈራና ሰላም ወረዱ። ጋሽ ተፈራ ጫማ የሌለውን እግሬን አዩ፤ ባዶውን ሰሃን አዩ፤ ሰዓታቸውን አዩ።

«መዝገብሽስ?»

በጣቴ አመለከትኩ። አባ ኮዳው ጉሮሮው ላይ ማዕዘን አውጥቶ ቆሟል።

ጋሽ ተፈራ ቆባቸውን አወለቁ። «የኔ እመቤት» አሉ እንደ ለቅሶ ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ያለ መዝገብ ቆጠራ የለም። አይክፋሽ፤ ለከርሞ ስንቁን...»

ያቺን ቃል ስሰማ አንገቴ ቀና አለ። ደብተር ቢዋጥ እኔ መች ተዋጥኩ?

«ሰላምዬ፣ ጻፊ» አልኩ። «ፔሊካን፤ አንድ ዙር ሞልቶ ሁለተኛው ዘነበች ላይ አለቀ። ይብራ፤ የበላይነሽ። ሽመላ፤ ፋንታዬ።»

ሰላም እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። «እትዬ፣ ይሄ... በቁጥር ስንት ነው?»

አስረዳኋት። አንጁሎም «እውነት ነው፤ ፋንታዬና አስቴር በብረት ምጣድ ተጣልተዋል» ብሎ መሰከረልኝ፤ ብዙም አልረዳኝም። ጋሽ ተፈራ ግን መምህር ናቸው፤ መምህር ከመጣሉ በፊት ይፈትናል። ሰላም መንጋው ወደሷ ዳር ሲሻገር በስልኳ ፎቶ አንስታ ነበር። ፎቶውን አጉልተው እያንዳንዱን ፔሊካን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። አንጁሎ ፊቱን አዞረ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ፊቴን ማዞር አማረኝ።

«ሰማንያ» አሉ። «ያንቺ ስልሳ ሁለትና አሥራ ዘጠኝ፤ ሰማንያ አንድ። አንድ ጨምረሻል።»

አንድ ወፍ! በአንድ ወፍ ዕድሜ ልኬን ዳቦ ልሆን! ዓይኔን ጨፍኜ ስሞቹን ካንደኛዋ ጀምሮ በሆዴ ጠራሁ። አባቴ በረቱ በር ላይ እንደሚጠራው ጠራሁ። ሃያ ስምንተኛዋ ላይ ድምፄ ተሰበረ።

«ማርታ!» ብዬ ጮህኩ። «ማርታ ጅንካ ናት! ስሟን ጠርቼ ወፍ ሳልሰጣት ነው ያለፍኩት! ሰማንያ ነው!»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ አንጁሎ። «ለምን እንደሄደችም ይቺኑ ጠይቄያት ነበር።»

ጋሽ ተፈራ ቆባቸውን መልሰው አጠለቁ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቷቸውን አውጥተው «ስንቅ» የሚለውን መስመር ሠረዙና ስሜን ወደ ላይ አወጡት። ሐቀኛ ሰው ስለሆኑ ደግሞ «ዋናው መዝገብ የሚገኝበት ቦታ» በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ በዚያች ጉንዳን በማትዘረጋባት ውስጥ፣ «አባያ ዳር፣ አንድ አባ ኮዳ ውስጥ» ብለው ጻፉ። አባ ኮዳዎቹንም እዚያው አብረን ቆጠርናቸው፤ እጃችንን ሳናነሳ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እኔም ደስ ባለኝ። ግን መዝገቧ ፊትም ነበራት።

በዕድራችን ደንብ በዓመት ሦስት ጊዜ የቀረች ሴት በሚቀጥለው ድግስ ድስት ታጥባለች። የቀሪዎቹ ዝርዝር ደግሞ ያለው እዚያው ደብተር ውስጥ ነው፤ ደብተሩም እዚያው ሆድ ውስጥ። እሑድ ዕድሩ ሲሰበሰብ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ሴቶቹ እንደዚያን ቀን ስመውኝ አያውቁም። አስቴርና ፋንታዬ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ያስታረቃቸው አባ ኮዳ ነው፤ ሁለቱም አራት አራት ጊዜ ቀርተው ነበር።

አስቴር ጆሮዬ ላይ ተጠጋች። «እህቴ፣ የወፎቹን አስታውሺ፣ የእኛን እርሺ።»

እትዬ ብርቄ ጠረጴዛውን በእጃቸው መቱ። «ሰማሁ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው፤ ለቅጽበት ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። «መዝገቡ ተበልቷል። ሰማንያ ወፍ በቃሏ ያስታወሰች ሴት ዘጠኝ ቀሪ ይጠፋታል? ጠፍቶኛል ካልሽ ልቀበልሽ። ግን ያኔ የወፉንም ነገር ጋሽ ተፈራ ዘንድ ሄጄ እጠይቃለሁ።»

አያችሁ የገባሁበትን? ረሳሁ ካልኩ ቆጣሪነቴ ሐሰት ነው። አስታወስኩ ካልኩ ዘጠኝ ጠላት እገዛለሁ፤ ከነዚያ ውስጥ ደግሞ አንዷ የማውቃት ናት። ሴቶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ሰቅለው ያዩኛል፤ ልክ እጄን እንዳነሳሁ ያህል።

ተነሳሁ። ስም ጠሪ ስም ይጠራል።

«በመጀመሪያ» አልኩ፣ «ሦስት ጊዜ የቀረሁ እኔ ነኝ። ሦስቱንም ጊዜ ሐይቅ ዳር ነበርኩ።» ከዚያ ስምንቱን በተርታ ጠራኋቸው። ፋንታዬ «አባ ኮዳው ምነው አንቺንም በዋጠሽ!» አለችኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ በጥር ነው፤ የእትዬ ብርቄ ልጅ ከተዳረች ሦስት ቀን ሆኗል፤ የድስቱ ጥላሸት ገና ከጥፍሬ ሥር አልወጣም። ሽሽት ነው ያሉ ሰዎች መጥተው እጄን ይዩ። ዘጠኛችንም ከድንኳኑ ጓሮ በርከክ ብለን ስናጥብ ነው የዋልነው። መጀመሪያ ያናገረኝ አልነበረም። በኋላ ከላያችን አንድ መንጋ ወደ አባያ ሲያልፍ አስቴር በአመድ እጇ ዓይኗን ከፀሐይ ከልላ «የትኛዋ ናት እኔ?» አለች። አሳየኋት። ፋንታዬ ደግሞ «እኔስ ለምን ወደ ኋላ ቀረሁ?» ብላ ተቆጣች። ለመጪው ኅዳር አራቱ አብረውኝ ሊመጡ ተመዝግበዋል፤ ስንቅ የሚይዝ ግን እስካሁን አልተገኘም።

«አንቺ ቆጣሪ» አለች ፋንታዬ ብረት ምጣዱን እየፈተገች፣ «ስንት ድስት ቀረን?»

ቀና ብዬ ክምሩን አየሁ። የተቆጠረ ነገር ቢቀንስ ኖሮ በቆጠርኩላቸው።

«ከእትዬ ብርቄ እስከ ዘነበች» አልኳት።

ሁሉም አቃሰቱ። ስንት እንደሆነ አንዷም መጠየቅ አላስፈለጋትም።